ለቆዳ የሚቀቡ የዕድገት አነቃቂ ፕሮቲኖች፡- ጠቀሜታቸው፣ ወሰናቸውና ደኅንነታቸው

ለወራት አልድን ላለ የስኳር ሕመምተኛ የእግር ቁስል በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ ጄል እና የፊት መሸብሸብን ይቀንሳል ተብሎ በመዋቢያ መደብር የሚሸጥ ሴረም ከአንድ የፕሮቲን ቤተሰብ የተገኘ ንጥረ ነገር ሊይዙ ይችላሉ። እነዚህ ንጥረ ነገሮች በሕክምናው ዘርፍ የዕድገት ፋክተር ወይም የዕድገት አነቃቂ ፕሮቲኖች በመባል ይታወቃሉ።

የቤተሰብ ስማቸው አንድ ቢሆንም ጄሉም ሆነ ሴረሙ የሚደገፍበት ማስረጃ፣ የሚያልፍበት ቁጥጥርና ሊያስከትል የሚችለው ስጋት ግን አንድ አይደለም። አንዱ ለሕመምተኞች በተካሄደ ሙከራ ተመዝኖ ፈቃድ ያገኘ መድኃኒት ሲሆን፣ ሌላው በአብዛኛው እንዲህ ያለ ምዘና ሳይደረግለት ለገበያ የሚቀርብ ምርት ነው። ይህን ልዩነት መገንዘብ ለሕክምና ባለሙያዎች ብቻ ሳይሆን ከመድኃኒትና ከመዋቢያ ምርቶች ግዢ፣ ማስመጣት፣ ማስታወቂያና ቁጥጥር ጋር የተያያዘ ኃላፊነት ላለባቸው ሁሉ አስፈላጊ ነው።

ምንነታቸውና አሠራራቸው

የዕድገት አነቃቂ ፕሮቲኖች የሰውነት ሕዋሳት እርስ በርሳቸው መልእክት የሚለዋወጡባቸው ተፈጥሯዊ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ከአንድ ሕዋስ የወጣው ፕሮቲን በሌላ ሕዋስ ገጽ ላይ ከሚገኝ ተቀባይ ጋር ሲያያዝ፣ መልእክቱን የተቀበለው ሕዋስ እንዲከፋፈል፣ ከቦታ ወደ ቦታ እንዲንቀሳቀስ ወይም እንደ ኮላጅን ያሉ ሌሎች ፕሮቲኖችን እንዲያመርት ትእዛዝ ይደርሰዋል። ለሥራቸው የሚያስፈልገው መጠን እጅግ አነስተኛ ሲሆን፣ መልእክታቸውን ካደረሱ በኋላም በአጭር ጊዜ ውስጥ ይፈራርሳሉ።

ከእነዚህ ፕሮቲኖች መካከል በስፋት የሚታወቀው በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኢጂኤፍ የተባለው የላይኛው የቆዳ ሽፋን ዕድገት አነቃቂ ነው። ይህን ፕሮቲን ያገኙት አሜሪካዊው የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪ ስታንሊ ኮኸን ሲሆኑ፣ ከአይጥ የምራቅ ዕጢ የተወሰደ ንጥረ ነገር አዲስ ለተወለዱ ግልገል አይጦች ሲሰጥ የዓይናቸው ቆብ ከተለመደው ጊዜ ቀድሞ መከፈቱን በማስተዋል ወደ ግኝቱ ደርሰዋል። ኮኸንና የነርቭ ዕድገት አነቃቂ ፕሮቲንን ያገኙት ጣሊያናዊቷ ሳይንቲስት ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ እ.ኤ.አ. በ1986 የሕክምና ዘርፍ የኖቤል ሽልማትን በጋራ ተቀብለዋል።

ቆዳ ሲቆረጥ ወይም ሲላጥ የእነዚህ ፕሮቲኖች ሥራ በተከታታይ ይታያል። በመጀመሪያ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕላትሌት የተባሉ የደም ክፍሎች ፒዲጂኤፍ የተሰኘውን አነቃቂ ፕሮቲን ይለቃሉ። ይህም በሽታ ተከላካይ ሕዋሳትንና ኮላጅን አምራች ሕዋሳትን ወደ ቁስሉ ይጠራል። ቀጥሎ ሌሎች አነቃቂ ፕሮቲኖች አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲበቅሉና ቁስሉ በአዲስ ሥጋ እንዲሞላ ያደርጋሉ። በመጨረሻም ኢጂኤፍና መሰሎቹ ከቁስሉ ዳርቻ ያሉ የቆዳ ሕዋሳት ወደ መሐል እየተስፋፉ ቁስሉን እንዲሸፍኑ ያግዛሉ።

ለረጅም ጊዜ በቆየ የስኳር ሕመምተኛ ቁስል ላይ ግን ይህ ቅደም ተከተል ይስተጓጎላል። በቁስሉ ውስጥ የሚበዙት ፕሮቲን ሰባሪ ኢንዛይሞች አነቃቂ ፕሮቲኖቹን ያፈራርሷቸዋል። ሕዋሳቱም ለመልእክቱ የሚሰጡት ምላሽ ይዳከማል፤ ወደ እግር የሚደርሰው ደምም ሊቀንስ ይችላል። ተመራማሪዎች የጎደለውን ፕሮቲን ከውጭ በመቀባት መተካት ይቻል እንደሆነ እንዲመረምሩ ያነሳሳቸውም ይኸው ችግር ነበር።

በቁስል ሕክምና የተገኘው ውጤት

የዚህ ምርምር ዋነኛ ውጤት ሬግራኔክስ በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው ቤካፕለርሚን ጄል ነው። መድኃኒቱ የሰው ፒዲጂኤፍ የዘር መልእክት በገባበት እርሾ አማካይነት የሚመረት ሲሆን፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በታኅሣሥ ወር እ.ኤ.አ. በ1997 ፈቃድ ሰጥቶታል። ፈቃዱም በቂ የደም ዝውውር ባለበት የስኳር ሕመምተኛ እግር ላይ ለሚወጣና ከቆዳ በታች ወዳለው ሥጋ ወይም ከዚያ በላይ ለዘለቀ ቁስል ብቻ የተወሰነ ነው።

ለፈቃዱ መሠረት ከሆኑት ሙከራዎች አንዱ 382 ሕመምተኞችን ያሳተፈ ነበር። በ20 ሳምንታት ውስጥ ፕሮቲኑን በተፈቀደው መጠን የያዘውን ጄል ከተቀቡት መካከል 50 በመቶ የሚሆኑት ቁስላቸው ሙሉ በሙሉ የዳነ ሲሆን፣ ፕሮቲኑ የሌለበትን ጄል ከተቀቡት መካከል ግን የዳኑት 35 በመቶ ነበሩ። ቁስሉ ለመዳን የሚወስደው ጊዜም በአንድ ሦስተኛ ገደማ አጥሯል። የማይድን የእግር ቁስል እግርን እስከ ማስቆረጥ ለሚያደርስበት ሕመምተኛ ይህ ልዩነት ቀላል የሚባል አይደለም።

ይሁን እንጂ አኃዞቹ በጥንቃቄ መነበብ ይኖርባቸዋል። መድኃኒቱን ከተቀቡት መካከል ግማሽ ያህሉ በተጠቀሰው ጊዜ ውስጥ አልዳኑም። ፕሮቲኑን ካላገኙት መካከል ደግሞ ከሦስት አንድ የሚበልጡት በመልካም የቁስል እንክብካቤ ብቻ ድነዋል። በሌላ ሙከራ የተገኘ መረጃም የሞተ ሥጋ በተደጋጋሚ በሚወገድባቸው ሕክምና ማዕከላት የመዳን መጠኑ ከፍ ያለ እንደነበር አሳይቷል። ስለሆነም ጄሉ የሞተ ሥጋን የማስወገድ፣ ኢንፌክሽንን የማከም፣ የደም ስኳርን የመቆጣጠርና ቁስለኛውን እግር ከጫና የማሳረፍ ሥራን የሚያግዝ እንጂ የሚተካ አይደለም።

አጠቃቀሙም የራሱ ሥርዓት አለው። ጄሉ በቀን አንድ ጊዜ በስሱ ተቀብቶ በጨዋማ የሕክምና ውሃ በረጠበ ፋሻ ለ12 ሰዓት ያህል ይሸፈናል፤ ከዚያም ታጥቦ ቁስሉ እንደገና በረጠበ ፋሻ ይሸፈናል። ከ10 ሳምንት በኋላ የቁስሉ ስፋት በ30 በመቶ ገደማ ካልቀነሰ ወይም በ20 ሳምንት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ካልዳነ ሕክምናውን መቀጠል ተገቢ ስለመሆኑ እንደገና መታየት ይኖርበታል። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ ያለበት በመሆኑ፣ ከአምራቹ እስከ ሕመምተኛው ድረስ ያልተቋረጠ የቅዝቃዜ ሰንሰለት ይጠይቃል።

ሌሎች አገሮችም በዚሁ መስክ የየራሳቸውን ምርት አቅርበዋል። በጃፓን ትራፌርሚን የተባለ፣ በቁስል ላይ የሚረጭ ሌላ አነቃቂ ፕሮቲን እ.ኤ.አ. በ2001 ተፈቅዷል። ኩባ ደግሞ ኢጂኤፍን የያዘውን ሄበርፕሮት-ፒ የተሰኘ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2006 መዝግባለች። የኩባው ምርት ግን የሚቀባ ሳይሆን በቁስሉ ውስጥና ዙሪያ በመርፌ የሚሰጥ በመሆኑ፣ በእሱ የተገኘው ውጤት ለሚቀቡ ምርቶች ማስረጃ ተደርጎ ሊቀርብ አይችልም።

የካንሰር ስጋትና የማስጠንቀቂያው ሂደት

ሕዋሳት እንዲከፋፈሉ የሚያዝ ንጥረ ነገር የካንሰር ሕዋሳትንም ያነቃቃ ይሆን የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያው የነበረ ነው። ብዙ የካንሰር ዓይነቶች የእነዚህ ፕሮቲኖች ተቀባዮች በብዛት የሚገኙባቸው ሲሆን፣ አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶችም የሚሠሩት እነዚህኑ ተቀባዮች በመዝጋት ነው።

ጥያቄው ከንድፈ ሐሳብ አልፎ የቁጥጥር እርምጃ ያስከተለው በቤካፕለርሚን ላይ ነበር። በአሜሪካ የጤና መድን መረጃ ላይ ተመሥርቶ የተካሄደ ጥናት መድኃኒቱን የተጠቀሙ 1 ሺህ 622 ሕመምተኞችን ካልተጠቀሙ 2 ሺህ 809 ተመሳሳይ ሕመምተኞች ጋር አነጻጽሯል። በአዲስ ካንሰር በመያዝ ረገድ በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልታየም። ሦስትና ከዚያ በላይ ቱቦ በተጠቀሙት ላይ ግን በካንሰር የመሞት መጠን አምስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። በዚህም ምክንያት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2008 በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ በጥቁር ሳጥን ውስጥ የሚታተመው ከፍተኛ ማስጠንቀቂያ እንዲሰፍር አድርጓል።

በጥናቱ የተመዘገበው የሞት ቁጥር አነስተኛ ስለነበር የተገኘው ልዩነት በአጋጣሚ የተፈጠረ ሊሆን ይችላል የሚል ጥያቄ ተነሥቷል። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች የጤና ተቋማት መረጃ ላይ የተካሄደው ሰፋ ያለ ጥናት በካንሰር የመሞት መጠን መጨመሩን አላረጋገጠም። እ.ኤ.አ. በ2018ም ከፍተኛው ማስጠንቀቂያ ከመድኃኒቱ መግለጫ እንዲነሣ ተደርጓል።

ይህ ማለት ግን ጥንቃቄው ሁሉ ቀርቷል ማለት አይደለም። ካንሰር ባለበት የቆዳ ክፍል ላይ መድኃኒቱን መቀባት አሁንም የተከለከለ ነው፤ ካንሰር ላለባቸው ሕመምተኞች የሚሰጥ ከሆነም ሐኪሙ ጥቅሙንና ስጋቱን ማመዛዘን ይጠበቅበታል። ከሂደቱ የሚወሰደው ዋና ትምህርት አንድ መድኃኒት ተመዝግቦ፣ በሐኪም ትእዛዝ ተሰጥቶና ተጠቃሚዎቹ በመረጃ ቋት ተይዘው ሲገኙ ስጋቱን ማንሣትም ሆነ ማጣራት የሚቻል መሆኑ ነው። ማን፣ ምን ያህል፣ ለስንት ጊዜ እንደተቀባው በማይታወቅ ምርት ላይ እንዲህ ያለ ክትትል ማድረግ አዳጋች ነው።

በጤነኛ ቆዳ ላይ የሚቀቡ የመዋቢያ ምርቶች

ከቁስል ሕክምናው ስኬት ተነሥተው በርካታ አምራቾች አነቃቂ ፕሮቲኖችን በፊት ቅባቶችና በሴረሞች ውስጥ ማስገባት ጀምረዋል። ማስታወቂያዎቹ በአብዛኛው መሸብሸብን መቀነስን፣ ቆዳን ማጥበቅንና ማለስለስን ይጠቅሳሉ። በዚህ ረገድ መሠረታዊው ጥያቄ ፕሮቲኑ ሊሠራበት ወደሚገባው ውስጠኛ የቆዳ ክፍል ይደርሳል ወይስ አይደርስም የሚለው ነው።

ጤነኛ ቆዳ በሞቱና እርስ በርሳቸው በተጣበቁ ሕዋሳት በተሠራ ስስ ሽፋን የተጠበቀ ነው። የዚህ ሽፋን ውፍረት በአብዛኛው የሰውነት ክፍል ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እስከ ሁለት መቶኛ የሚደርስ ብቻ ቢሆንም፣ ትልልቅ ሞለኪውሎችን የማገድ አቅሙ ከፍተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመና በቆዳ ሕክምና ዘርፍ በስፋት የሚጠቀስ ጽሑፍ፣ ከ500 ዳልተን በላይ ክብደት ያላቸው ሞለኪውሎች ጤነኛ ቆዳን በቀላሉ ዘልቀው እንደማይገቡ አመልክቷል። ዳልተን የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው። ኢጂኤፍ 6 ሺህ ዳልተን ያህል፣ ፒዲጂኤፍ ደግሞ 25 ሺህ ዳልተን ያህል ክብደት ስላላቸው የመጀመሪያው ከወሰኑ በ12 እጥፍ፣ ሁለተኛው በ50 እጥፍ ይበልጣሉ። በተከፈተ ቁስል ላይ ይህ መከላከያ ሽፋን የለም፤ ስለዚህ በቁስል ላይ የሠራ ፕሮቲን በጤነኛ ፊት ላይም ይሠራል ብሎ መደምደም አይቻልም።

የምርቶቹ ደጋፊዎች በበኩላቸው ጥቂት መጠን ያለው ፕሮቲን በፀጉርና በላብ ቀዳዳዎች በኩል ሊገባ እንደሚችል፣ ከላይ ያሉት ሕዋሳት መልእክቱን ተቀብለው ከሥራቸው ላሉት ሊያስተላልፉ እንደሚችሉም ይከራከራሉ። በጥቂት ጥናቶች የቆዳ ልስላሴና ጥቃቅን መሸብሸብ መጠነኛ መሻሻል ማሳየታቸው ተዘግቧል። ሆኖም ብዙዎቹ ጥናቶች ጥቂት ሰዎችን ያሳተፉ፣ ለሳምንታት ወይም ለጥቂት ወራት ብቻ የቆዩና በአምራቾች ድጋፍ የተካሄዱ ናቸው። ምርቶቹ ከአነቃቂ ፕሮቲኑ ጋር ማለስለሻና ሌሎች ንጥረ ነገሮችን ስለሚይዙም፣ የታየው ለውጥ ከየትኛው እንደመጣ ለመለየት ያስቸግራል።

የመጀመሪያ ተስፋ በኋለኛ ሙከራ ሊከሽፍ እንደሚችልም የታወቀ ምሳሌ አለ። አቮተርሚን የተባለው፣ የቁስል ጠባሳን ይቀንሳል ተብሎ የተጠበቀው አነቃቂ ፕሮቲን በመርፌ ተሰጥቶ በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች አበረታች ውጤት አሳይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ በሆነው የመጨረሻ ደረጃ ሙከራ ግን የታለመለትን ግብ አልመታም።

የፕሮቲኖቹ ምንጭና የአጠቃቀም ስጋት

ለመዋቢያነት የሚውሉ አነቃቂ ፕሮቲኖች ከተለያዩ ምንጮች ይገኛሉ። አንዳንዶቹ የሰው የዘር መልእክት በገባባቸው ባክቴሪያዎች ወይም እርሾዎች ይመረታሉ። በአይስላንድ ደግሞ በመስታወት ቤት በሚበቅል ገብስ ውስጥ ኢጂኤፍን የሚያመርት ኩባንያ አለ። ሌሎች ምርቶች በቤተ ሙከራ ከተራቡ የሰው ቆዳ ሕዋሳት በሚጠራቀም ፈሳሽ ይዘጋጃሉ። የኋለኞቹ በርካታ ፕሮቲኖችን በአንድነት ስለሚይዙ ይዘታቸውን በትክክል መለካት ይከብዳል፤ የሕዋሱ ለጋሽ ከተላላፊ በሽታ ነፃ መሆኑም መረጋገጥ ይኖርበታል።

ፕሮቲን በባሕርዩ በሙቀትና በጊዜ ብዛት ይበላሻል። መድኃኒት የሆነው ጄል በማቀዝቀዣ እንዲቀመጥ ሲታዘዝ ተመሳሳይ ፕሮቲን የያዘ ሴረም በመደብር መደርደሪያ ላይ ለወራት ቢቆይ፣ ለተጠቃሚው በሚደርስበት ጊዜ ምን ያህል የሚሠራ ፕሮቲን እንደሚቀረው አምራቹ በማስረጃ ሊያሳይ ይገባል።

እስካሁን ባለው መረጃ አነቃቂ ፕሮቲን ያላቸው መዋቢያዎች በጤነኛ ቆዳ ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ አልተረጋገጠም። ለዓመታት ያለማቋረጥ መቀባት የሚያስከትለውን ውጤት የመረመሩ ጥናቶች ውሱን በመሆናቸው ግን፣ የማስረጃ አለመኖር ለደኅንነት ማረጋገጫ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። የቆዳ ካንሰር ያለባቸው ወይም የነበረባቸው፣ ምንነቱ ያልታወቀ ጥቁር ነጥብ ወይም እብጠት ያላቸው፣ እንዲሁም የቆዳ ሕዋሳት ከመጠን በላይ የሚራቡበት ሶሪያሲስ የተባለው ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሐኪም ሳያማክሩ እንዳይጠቀሙ ጥንቃቄ ማድረግ ይኖርባቸዋል።

ስጋቱ ከፍ የሚለው ምርቱ ከጥቃቅን መርፌዎች ወይም ከሌዘር ጋር በአንድነት ሲሰጥ ነው። እነዚህ ዘዴዎች የቆዳውን መከላከያ በመክፈት ፕሮቲኑ እንዲገባ የሚያደርጉትን ያህል፣ በምርቱ ውስጥ ያሉ ማቆያዎች፣ ሽቶዎችና ጀርሞችም እንዲገቡ መንገድ ይከፍታሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ የሕክምና ሪፖርት፣ በጥቃቅን መርፌ ሕክምና ፊታቸው ላይ ለገጽ ቅብ የተዘጋጁ የመዋቢያ ምርቶችን የተጠቀሙ ሦስት ሴቶች ላይ ጠጣር የቆዳ እብጠቶች መውጣታቸው ተመዝግቧል። በሪፖርቱ የተጠቀሰው ምርት የቫይታሚን ሲ ሴረም ቢሆንም፣ ለገጽ ቅብ የተዘጋጀ ማንኛውም ምርት ወደ ውስጥ ሲገባ ሌላ ባሕርይ ሊያሳይ እንደሚችል ያመለክታል።

የተለያዩ አገሮች የቁጥጥር አካሄድ

አገሮች ለእነዚህ ምርቶች የሚከተሉት ሥርዓት ይለያያል። በአሜሪካ ሕግ አንድ ምርት በሰውነት አሠራር ወይም አወቃቀር ላይ ለውጥ እንዲያመጣ የታሰበ ከሆነ እንደ መድኃኒት ይታያል። መዋቢያዎች ግን በጥቅሉ ለገበያ ከመቅረባቸው በፊት ፈቃድ አይጠየቅባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የመዋቢያዎች ሕግ አምራቾች ተቋማቸውን እንዲያስመዘግቡና ከባድ ጉዳቶችን እንዲያሳውቁ ያስገድዳል።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው የመዋቢያዎች ደንብ ከሰው የተወሰዱ ሕዋሳትን፣ ሥጋንና የእነዚህን ተዋጽኦ በመዋቢያ ውስጥ መጠቀምን ከልክሏል። የቻይና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥር 2019 በሰጠው ማብራሪያ፣ ኢጂኤፍ ለመዋቢያ ግብዓትነት ሊውል እንደማይችልና ይህን ይዣለሁ የሚል መዋቢያ ሕግን የሚጥስ መሆኑን አስታውቋል።

በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከምግብና ከመድኃኒት በተጨማሪ የውበት መጠበቂያ ምርቶችንም በወሰኑ ያካትታል። በመሆኑም በአነቃቂ ፕሮቲን ስም የሚቀርብ ምርት መድኃኒት ነው ወይስ መዋቢያ የሚለው ጥያቄ የስያሜ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሚጠየቀውን ማስረጃና የሚደረገውን ቁጥጥር የሚወስን ነው።

በአሠራር ሊታዩ የሚገባቸው ነጥቦች

በምርቶቹ ላይ ውሳኔ የሚሰጥ አካል በቅድሚያ የምርቱን የታሰበ አገልግሎት መመርመር ይጠበቅበታል። ቁስልን ይፈውሳል ወይም ኮላጅንን ይጨምራል የሚል ምርት የመዋቢያ ስያሜ ስለተሰጠው ብቻ ከመድኃኒት መመዘኛ ሊያመልጥ አይገባም። ቀጥሎም የፕሮቲኑ ዓይነት፣ መጠንና ምንጭ ሊታወቅ ይገባል። በመዋቢያ ማሸጊያዎች ላይ ኢጂኤፍ ብዙውን ጊዜ ኤስኤች ኦሊጎፔፕታይድ-1 በሚል ስም የሚጻፍ በመሆኑ፣ ስሙን አለማወቅ ምርቱን ሳይለዩ ለማሳለፍ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ለጤና ተቋማት ግዢ በሚፈጸምበት ጊዜም ጄሉ የሚጠይቀው ወጪና የቅዝቃዜ ሰንሰለት ከመሠረታዊ የቁስል እንክብካቤ አቅም ጋር አብሮ ሊታይ ይገባል። የቁስል ማጽጃ፣ ፋሻ፣ የደም ስኳር መመርመሪያና እግርን ከጫና የሚያሳርፍ ጫማ ባልተሟላበት ሁኔታ ውድ ፕሮቲን ማቅረብ የሚጠበቀውን ውጤት አያስገኝም። እነዚህ ተሟልተው ቁስሉ አልድን ላለ ሕመምተኛ ግን ተጨማሪው ሕክምና እግሩን ከመቆረጥ ለማትረፍ የሚደረገውን ጥረት ሊያግዝ ይችላል።

በአጠቃላይ የዕድገት አነቃቂ ፕሮቲኖች በተገቢው ቁስል ላይ፣ በተገቢው መጠንና በሐኪም ክትትል ሲሰጡ ጥቅማቸው በሙከራ የተረጋገጠ ነው። ይህ የተረጋገጠ ጥቅም በጤነኛ ቆዳ ላይ ለሚቀባ ለማንኛውም ምርት የሚተላለፍ አለመሆኑን ተገንዝቦ፣ እያንዳንዱን ምርት በራሱ ማስረጃ መመዘን የተጠቃሚውን ጤናም ሆነ የመንግሥትንና የኅብረተሰቡን ገንዘብ ከብክነት ለመጠበቅ ያስችላል።